አንድ ኳስ ለስልሳ

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሚሰጥ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ በአጥር ማጮለቅ ይበቃል። ሜዳው ላይ ስልሳ ልጅ አለ። ኳስ አንድ። ስድስት ስድስት ሆነው መረብ ኳስ የሚጫወቱት አሥራ ሁለት ናቸው፤ ባለፈው ሳምንትም እነዚያው ነበሩ፣ በሚቀጥለውም እነዚያው ይሆናሉ። ሴቶቹ ጥላ ሥር ተሰብስበው የሒሳብ የቤት ሥራ ይገለብጣሉ፣ ፀጉር ይሠራራሉ። ከወንዶቹ የቀሩት ኳሷ ከሜዳ ስትወጣ ሮጠው የሚያመጡ ናቸው። መምህሩ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሌላ መምህር ጋር ወሬ ይዟል። ደወሉ ይደወላል፣ ትምህርቱም አለቀ። የዕለቱን የትምህርት ዕቅድ ብትገልጡ ግን "ተማሪዎች ኳስን በክንድ የመቀበል ክህሎት ያዳብራሉ" የሚል ዓላማ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ ከሥሩም የርዕሰ መምህሩ ፊርማ አለ። የትኞቹ ተማሪዎች? ኳሷን የመቷት ወይስ ያመጧት?

እንዲህ ስል ደህናዎቹ መምህራን ቅር እንዳይላቸው። ልጆቹን አሰልፎ አንድ በአንድ የሚያስተምርም አለ። እስቲ ለእሱም ሒሳብ እንሥራለት። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው እንበል። ከክፍል ወጥቶ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ተሰልፎ፣ ሰውነት አሟሙቆ 10 ደቂቃ ይሄዳል፤ እሱም ቀልጣፎች ከሆኑ ነው። የቀረው 30 ደቂቃ፣ ማለትም 1,800 ሴኮንድ፣ ለስልሳ ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 30 ሴኮንድ ይደርሰዋል። ሃያ ዘጠኙን ደቂቃ ተኩል የፊተኛውን ልጅ ማጅራት ሲመለከት ይቆያል ማለት ነው። በዓመቱ ውስጥ ለመረብ ኳስ ስምንት ክፍለ ጊዜ ተመድቧል ብንል፣ አንድ ልጅ ኳሷን በእጁ የሚያገኛት በድምሩ ለአራት ደቂቃ ነው። በአራት ደቂቃ እንኳን መረብ ኳስ ሻይ ማፍላትም አይለመድም።

ከዚያ ፈተና ይመጣል። "ኳሷን በጣትህ ግድግዳ ላይ አሥር ጊዜ እየመለስክ አቀብል" ይባላል። ሰፈሩ ውስጥ ኳስና ሜዳ ያለው ልጅ አሥሩንም ይሞላል። የሌለው በሁለተኛው ላይ ታመልጠውና ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ማርኩ ይመዘገባል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የተፈተነው ትምህርት ቤቱ ያስተማረው ነገር አይደለም፣ ሰፈሩ ያስተማረው ነው። የተሳቀበት ልጅ ግን ይህን ሒሳብ ከየት ያመጣዋል? "እኔ ስፖርት አይሆንልኝም" ብሎ ይደመድማል። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ስኳርና ደም ግፊት ይዞ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ "እባክህ ትንሽ እንቅስቃሴ አድርግ" ሲባልም መልሱ ያው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደማይሆንለት በማርክ ተረጋግጦለታላ!

የሚገርመው ይህን ሁሉ የምናደርገው በመረብ ኳስ ላይ መሆኑ ነው። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሆልዮክ በተባለች ከተማ የፈጠረው ዊልያም ሞርጋን፣ በእኛም አገር ወወክማ እየተባለ በሚታወቀው ማኅበር ውስጥ የስፖርት ኃላፊ ነበር። ከእሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ጄምስ ናይስሚዝ በዚያው ማኅበር ማሠልጠኛ የፈጠረው ቅርጫት ኳስ ዕድሜያቸው ገፋ ላሉ ነጋዴዎች ግፊያው በዛባቸው። ሞርጋን ተጋጣሚዎቹን በመረብ ለይቶ፣ ሩጫውን ቀንሶ፣ ለእነሱ የሚሆን ጨዋታ አወጣ። በመጀመሪያው ደንብ በአንድ ወገን የሚሰለፈው ሰው ቁጥር እንኳ አልተወሰነም ነበር፤ የመጣ ሁሉ ይጫወታል። ማለትም ይህ ጨዋታ የተፈለሰፈው ዛሬ እኛ ጥላ ሥር ለምናስቀምጣቸው ዓይነት ሰዎች ነው።

የዛሬው ሕግስ ምን ይላል? አንድ ተጫዋች ኳሷን በተከታታይ ሁለት ጊዜ መንካት አይችልም። ይዞ መሄድም ክልክል ነው። አንድ ቡድን፣ መረቡ ላይ ለመከላከል የሚደረገው ንክኪ ሳይቆጠር፣ በሦስት ንክኪ ውስጥ ኳሷን ወደ ማዶ መመለስ አለበት። ሰርቭ የማድረጉን ዕድል ከተጋጣሚው በወሰደ ቁጥርም ተጫዋቾቹ ቦታ ይዞራሉ። በእግር ኳስ አንድ ጎበዝ ሰባት ሰው አታልሎ ጎል ሊያገባ ይችላል፤ አሥሩ ጓደኞቹ ቆመው ያጨበጭቡለታል። በመረብ ኳስ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዘሎ የሚመታው ጎበዝ፣ ሁለተኛው ሰው አስተካክሎ ካላነሳለት የሚመታው አየር ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው ቀባይ ኳሷን በወጉ ካላደረሰው ኳስ ፍለጋ ሲሮጥ ጨዋታው ያልቃል። ስለዚህ የጎበዙ መቺ ዕጣ ያለው በደካማው ቀባይ ክንድ ላይ ነው። ይህን ጨዋታ ለየብቻ አሰልፎ፣ ግድግዳ አስይዞ፣ ለየብቻ ማስተማርና መፈተን ማለት መዘምራንን አንድ በአንድ ክፍል ውስጥ ዘግቶ ኅብረ ዝማሬ ማስጠናት ማለት ነው።

ታዲያ በትብብር ይማሩ ስል፣ መምህራን ፊታቸው እንደሚጨማደድ አውቃለሁ። "አንድ ለአምስት ተመልሶ ሊመጣ ነው?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ከቀበሌ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያልተጠረነፈ አልነበረም። ተማሪውም "የትምህርት ልማት ሠራዊት" ተብሎ አንድ ለአምስት ተደራጀ። ጎበዙ ተማሪ መሪ ሆነ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ሪፖርት ተላከ። ክፍል ውስጥ የሆነውን ግን ያለፈበት ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዱ የቡድን ሥራውን ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ያስገባሉ። አንዳንዱማ ስሙ እንዳይረሳ ለስላሳ ይጋብዝ ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ስያሜው ማንም ሳይቀብረው ሞተ። አብሮት ግን "ልጆች እርስ በርስ ሊማማሩ ይችላሉ" የሚለውም ሐሳብ ስሙ ጠፋ። አረሙን ስንነቅል ስንዴውም አብሮ መጣ።

ስንዴው ሌላ ነው። ኮኦፐሬቲቭ ለርኒንግ የሚባለው ነገር የሪፖርት መላኪያ ሰንሰለት ሆኖ አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ጥቁር፣ ነጭና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ልጆች ተለያይተው መማራቸው ቀርቶ በአንድ ክፍል መቀመጥ ሲጀምሩ፣ ጠቡ ከቁጥጥር ውጭ ሆነ። ኤሊየት አሮንሰን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ሲያይ፣ ክፍሉ እጅ በማውጣት ውድድር የተሞላ ነው፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ደስ ይለዋል። መድኃኒቱ ስብከት አልነበረም። ትምህርቱን እየቆራረጠ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል የተለያየ ቁራጭ ሰጠ። ሙሉውን ለማወቅ የሌላውን ቁራጭ የግድ መስማት ያስፈልጋል። የናቅከውን ልጅ ካልሰማኸው ፈተናውን ትወድቃለህ፤ በቃ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ እና ሮጀር ጆንሰን የተባሉት ወንድማማቾች ደግሞ በቡድን መቀመጥና በትብብር መማር ለየቅል መሆናቸውን አስረግጠው ጽፈዋል። ካስቀመጧቸው መስፈርቶች ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው፣ ያለሌላው መሳካት የማንም መሳካት አይሞላም። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠየቃል፤ ከጓደኛው ጀርባ መደበቅ የለም። አንድ ለአምስት ሁለቱም አልነበሩትም። ጎበዙ ሌሎቹን አይፈልጋቸውም፣ ሌሎቹንም የሚጠይቃቸው የለም። ስለዚህ በትብብር መማርን ሞክረን አልሆነም የሚል ካለ፣ አልሞከርንም።

አሁን ወደ ሜዳው እንውረድ፤ ዋናው ጉዳይ እዚያ ነው።

ያው ስልሳ ልጅ ነው። መምህርቷ (ሴት ትሁን፣ ምን አለበት) አምስት አምስት አድርጋ አሥራ ሁለት ቡድን ትመድባለች። እናንተው ተቧደኑ አትልም። እንዲያ ካለች ጓደኛ ከጓደኛው ይሄድና ወፍራሙ ልጅ እንደ ቀረ ዕቃ መጨረሻ ላይ ይታደላል። በየቡድኑ ኳስ የለመደ አንድ፣ ጨርሶ ያልነካ አንድ ሁለት፣ ወንድም ሴትም ይኖራል። ኳስ ከየት ይመጣል? ትምህርት ቤቱ ሦስት አራት ደህና ኳስ ካለው እሰየው። የቀረው ከየሱቁ የሚገዛው የፕላስቲክ ኳስ ነው። ለጀማሪ እንዲያውም እሱ ይሻላል፤ ቀላል ስለሆነ በአየር ላይ ይዘገያል፣ የልጅን ክንድ አያቀላም። መረቡም በወንዶች ውድድር ልክ 2 ሜትር ከ43 ላይ ተሰቅሎ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንደ ሰማይ አንጋጦ የሚያየው መሆን የለበትም። ረጅም ገመድ ከግንድ እስከ ግንድ ዝቅ አድርጎ መወጠር ነው። አንድ ሠላሳ ሜትር ገመድ ጎን ለጎን አምስት ትናንሽ ሜዳዎች ይወጣዋል።

የዕለቱ ትምህርት በክንድ መቀበል ነው እንበል። በእያንዳንዱ ቡድን አንዱ ኳሷን ይወረውራል፣ ሁለተኛዋ በክንዷ ትቀበላለች፣ ሦስተኛው መድረሻው ቦታ ላይ ቆሞ ይይዛል፣ አራተኛዋ የሸሸችውን ኳስ እየመለሰች በትክክል የደረሱትን ትቆጥራለች። አምስተኛው ኳስ አይነካም፤ ካርድ ይዞ ያያል። ካርዱ ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ አለ። ጉልበቷ ታጥፏል? ክንዶቿ ቀጥ ብለዋል? ኳሷ ያረፈችው ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ ነው? አምስት ኳስ ካለፈ በኋላ ያየውን ይነግራታል፤ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ።

ብልሃቱ ያለው እዚህ ካርድ ላይ ነው። ለአንድ መምህር አሥራ ሁለት ኳስ ብትሰጡት አሥራ ሁለት ቦታ ሊቆም አይችልም። ብዙዎቹ ኳስ እያለ እንኳ አንዱን ብቻ የሚያወጡት ለዚህ ነው፤ ሌላውን ማን ያይላቸዋል? የጎደለው ከኳሱ ይልቅ ዓይኑ ነው። ስልሳ ልጅ መቶ ሃያ ዓይን አለው፤ ተሰልፎ ማጅራት ሲያይ ግን ዓይኑ ከጥቅም ውጭ ነው። ካርዱን የያዘው ልጅ፣ ራሱ መቀበል ባይችልም የጓደኛውን ጉልበት አለመታጠፍ ማየት ይችላል። "ጉልበትሽን እጠፊ እንጂ ክንድሽን አትጠፊ" ብሎ አምስት ጊዜ የተናገረ ልጅ ደግሞ ተራው ሲደርስ የራሱ ጉልበት ሳያስበው ይታጠፋል። በዚህ አሠራር 30 ደቂቃው ለአምስት ሲካፈል እያንዳንዱ ልጅ በቀባይነት ብቻ ስድስት ደቂቃ ያገኛል። በስምንት ክፍለ ጊዜ 48 ደቂቃ ይሆናል። ያችን አራት ደቂቃ አስታውሷት።

ማርኩስ? በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ ከአሥር ኳስ ስንቱን በትክክል እንዳደረሰ ይመዘገባል፤ ከአራት ሳምንት በኋላ እንደገና። የቡድኑ ውጤት የእያንዳንዱ አባል ጭማሪ ድምር ነው። ከአንድ ተነስታ ስድስት የደረሰችው ልጅ ለቡድኑ አምስት ነጥብ አመጣች። ከዘጠኝ አሥር የደረሰው ኮከብ ያመጣው አንድ ነው። እንግዲህ ይሄ ኮከብ ቡድኑ እንዲያሸንፍለት ከፈለገ ማንን ማስተማር እንዳለበት ማንም አይመክረውም። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ስላቪን ያዳበረው የውጤት አሰጣጥ ሐሳብ ሥሩ ይኸው ነው፤ ልጅ ከራሱ ትናንት ጋር ይወዳደር ነው። በየሳምንቱም ከየቡድኑ አንድ ስም በዕጣ ይወጣና ያ ልጅ ብቻ ይፈተናል። ማን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ስም ማስገባት ብሎ ነገር አይሠራም። ጥላ ሥር መቀመጥም እንዲሁ፤ የቡድን ጓደኞቿ ጎትተው ያስነሷታል።

ጨዋታውም ሲጀመር ሕጉ ይሻሻላል። መጀመሪያ ሁለት ቡድን በገመዱ ማዶና ማዶ ሆነው ኳሷ ሳትወድቅ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ አብረው ይቆጥራሉ። ቀጥሎ ይጋጠማሉ፤ ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ልጆች ሳይነኳት ወደ ማዶ የሄደች ኳስ ነጥብ የላትም። በመጨረሻ ሦስት ደቂቃ ቁጭ ብለው ምን እንደረዳቸውና ማን ማንን እንደሰደበ ይነጋገራሉ። ግምገማ እንዳትሉት ብቻ! ቃሉ ራሱ ሰው ያስፈራል።

ይህ ሁሉ እንከን የለውም አልልም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከድሮው የባሰ ይመስላሉ። ጫጫታው ከባድ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብለው "ምን ተፈጠረ?" ማለታቸው አይቀርም። ልጅ ለልጅ ስህተትም ያስተምራል። ካርዱ ሦስት ነጥብ ብቻ የሚይዘው፣ መምህርቷም ወንበር ላይ ሳትሆን በአሥራ ሁለቱ መሐል የምትዞረው ለዚህ ነው። ከድሮው ይልቅ ትደክማለች፤ ይህን መደበቅ አይገባም። የሴቶቹም ጉዳይ በካርድ ብቻ አያልቅም። በቀሚስ ዩኒፎርም ጎንበስ ብለሽ ኳስ ተቀበዪ የምትባል ልጅ ጥላውን ብትመርጥ አይፈረድባትም። ሱሪ መፍቀድ ምን ያህል በጀት ይጠይቃል?

"ቦታ የለንም" የሚሉ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ በተለይ በመኖሪያ ቪላ ውስጥ የተከፈቱት የግል ትምህርት ቤቶች። እግር ኳስ ሜዳ እንደሌላቸው እናያለን። የመረብ ኳስ ሜዳ ግን 18 በ9 ሜትር ነው፤ 162 ካሬ ሜትር። የባለቤቱና የአስተዳደሩ መኪናዎች የሚቆሙበት ግቢ ለገመድና ለፕላስቲክ ኳስ ይበቃል። መኪናዎቹ ለ40 ደቂቃ ውጭ ይቁሙ።

"በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ የለም" የሚለው መከራከሪያ ከሁሉም ያናድደኛል። አዎ፣ የለም። ስለዚህ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጣል፣ መምህሩም "ፊሽካ ነፊ" ይባላል። ለአንድ ልጅ ግን በሳምንት ውስጥ ከወንበር ተነስቶ፣ ከማይመስለው ልጅ ጋር ተነካክቶ፣ ተናግሮና ተሰምቶ የሚውልበት ሌላ ሰዓት የትኛው ነው? እስቲ ያሳዩኝ።

ደግሞ የጎበዙ ልጅ ወላጅ አለ። "ልጄ ደካሞችን ሲጎትት ወደ ኋላ ቀረ፤ ዓለም ውድድር ናት" ይላል። መረብ ኳስ ውድድር አይደለም ያለው ማነው? የሯጮች አገር ሰዎች ነንና ምሳሌውን ከሩጫ ላምጣው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን እየሮጡ ዞር ዞር ብለው ኃይሌን ሲፈልጉት አይተናል። ኃይሌ ጉዳት ነበረበት፤ አምስተኛ ወጣ። ወርቁንና ብሩን ግን እነዚያ ዞር እያሉ የሚያዩት ሁለቱ ናቸው የወሰዱት። ሩጫ እንኳ፣ ያ ለብቻ የሚሮጠው፣ እንዲህ ከሆነ፣ ስድስት ሰው ካልተቀባበለ ነጥብ የማይገኝበት ጨዋታ ላይ ስለ ደካማ ጓደኛ ማማረር ምን የሚሉት ነው? ያ ጎበዝ ልጅ አቀባይ ካላሠለጠነ መቺ ሆኖ የሚመታው ኳስ አይኖረውም።

ስቲቭ ግሪኔስኪ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ቤን ዳይሰንና አሽሊ ኬሲ ደግሞ በ2012 በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በትብብር ስለመማር መጻሕፍት አውጥተዋል። ጉዳዩ እንግዳ ግኝት አይደለም። የእኛም መምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ሰልጣኞች ትርጉሙን ጠይቋቸው፤ በቃላቸው ይነግሯችኋል። ችግሩ የተማሩት በሌክቸር መሆኑ ነው። አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው "የትብብር መማር ባሕርያት" ብለው ጻፉ፣ ለፈተና ሸመደዱ፣ ለየብቻቸው ተፈተኑ። ከዚያ ሜዳ ወጥተው፣ ግድግዳው ላይ አሥር ጊዜ አቀብሉ ተባሉ። በማያውቁት መንገድ እንዲያስተምሩ መጠበቅ ግፍ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ለእነዚህ መምህራን ሥልጠና ሲጠራ፣ የአዳራሹና የፕሮጀክተሩ ወጪ ይቅርና አምስት አምስት ሆነው ሜዳ ላይ ይዋሉ። ካርዱን እነሱ ይያዙ፣ ኳሷ እነሱን ታምልጣቸው፣ ዕጣውም የእነሱን ስም ያውጣ።